ኤችኦኤ የጣለብኝን 1,800 ዶላር ቅጣት ከፍዬ ልገላገል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ቨርጂኒያ፣ ፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2019 ታውንሃውስ ገዝቼ ከቤተሰቤ ጋር እኖራለሁ። ሥራዬ ታክሲ ነው፤ ማታ ማታ ድራይቭዌዬ ላይ አቆመዋለሁ። ባለፈው ዓመት አባቴ አርፈው ለለቅሶ አዲስ አበባ ሄጄ ሁለት ወር ቆየሁ። ታክሲው እዚያው ቆሞ ነበር። ስመለስ የኤችኦኤው፣ የሰፈራችን የቤት ባለቤቶች ማኅበር፣ ደብዳቤ ተከምሮ ጠበቀኝ። የመጀመሪያው «ኮሜርሻል መኪና ማቆም ክልክል ነው» ይላል። የመጨረሻው ከጠበቃ ቢሮ የመጣ ነው፤ በቀን 20 ዶላር ለ90 ቀን 1,800 ዶላር፣ የጠበቃ 450 ዶላር፣ በድምሩ 2,250 ዶላር ካልከፈልክ ቤትህ ላይ ሊን (የዕዳ መያዣ) እናስገባለን ይላል። አንድም ቀን ጠርተው አላነጋገሩኝም። ሁሉም የመጣው በተራ ፖስታ ነው። ጎረቤቴ የቧንቧ ሥራ ቫን ያቆማል፤ እሱን ማንም አልነካውም። ወርሃዊ ክፍያዬን አቋርጬ አላውቅም፤ አሁን ግን ተናድጄ ላቆም አስቤያለሁ። ከፍዬ ልገላገል? ወይስ ልከራከር? ቤቴንስ ሊወስዱብኝ ይችላሉ?

ምላሽ፦ በቅድሚያ ነፍስ ይማር። ወደ ጉዳዩ ስንገባ፣ 1,800 ዶላሩን አይክፈሉ፤ ዝም ብለውም አይቀመጡ። ወርሃዊ ክፍያዎን በፍጹም አያቋርጡ። ታክሲውን ደግሞ ዛሬ ማታ ከድራይቭዌው ያንሱት። እነዚህ ነገሮች እርስ በርሳቸው የሚጣረሱ ሊመስሉ ይችላሉ። ለምን አብረው እንደሚሄዱ ላስረዳ። ዲክላሬሽንዎን፣ ማለትም የማኅበሩን ዋና ሰነድ፣ ሳላይ የምጽፈው ስለሆነ አንዳንዱን እርስዎ ከወረቀትዎ ጋር ያመሳክሩት።

ብዙ ሰው ከኤችኦኤ ጋር ሲጋጭ የሚከራከረው ስለ ፍትሕ ነው። «የገዛ ቤቴ ነው፣ የገዛ መኪናዬ ነው፣ እንጀራዬ ነው» ይላል። እውነቱን ነው። ግን ይህ ክርክር ቦርድ ፊትም ሆነ ፍርድ ቤት ብዙ አያስኬድም። ቤቱን ሲገዙ የማኅበሩን ደንብ አብረው ገዝተዋል። የሚያስኬደው ማኅበሩ ራሱ የታሰረበትን ሕግ ይዞ መሞገት ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ደግሞ ማኅበሩ በደንብ ታስሯል።

ሕጉ የቨርጂኒያ የንብረት ባለቤቶች ማኅበር ሕግ ይባላል። የቅጣቱ ነገር ያለው አንቀጽ 55.1-1819 ላይ ነው። ቁጥሩን ይጻፉት፤ ደብዳቤዎ ላይ ይገባል። ኮንዶ የሚኖሩ አንባቢዎች የራሳቸው የኮንዶሚኒየም ሕግ አላቸው፤ የቅጣቱ ጣሪያ ግን ተመሳሳይ ነው።

መጀመሪያ ሥልጣኑን ይጠይቁ

ቦርዱ ቅጣት መጣል የሚችለው ዲክላሬሽኑ፣ ወይም በዲክላሬሽኑ መሠረት በአግባቡ የወጣ ደንብ፣ በግልጽ ሲፈቅድለት ብቻ ነው። ዲክላሬሽን ማለት ሰፈሩ ሲሠራ ተዘጋጅቶ በካውንቲው የመሬት መዝገብ የገባው ዋናው ሰነድ ነው። ቤቱን ሲገዙ ከሰጡዎት ወፍራም ፋይል ውስጥ አለ። ማንም አንብቦት አያውቅም፤ እርስዎም እንዳላነበቡት እገምታለሁ። አሁን ያንብቡት። የሚፈልጉት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ ማኅበሩ ደንብ በሚጥስ ባለቤት ላይ የገንዘብ ቅጣት መጣል ይችላል የሚል። «ማኅበሩ ደንቡን ያስከብራል» የሚል ጠቅላላ አነጋገር ብቻ ካገኙ ጠንካራ መከራከሪያ ያዙ ማለት ነው።

ይህ ቀልድ እንዳይመስልዎት አንድ የሰፈርዎን ታሪክ ልንገርዎት። እዚያው ፌርፋክስ ካውንቲ፣ ኦልድ ቤልሄቨን የሚባል የታውንሃውስ ሰፈር አለ። በ2008 የምርጫ ሰሞን አንድ ባልና ሚስት የኦባማን የቅስቀሳ ምልክት ግቢያቸው ተከሉ። ማኅበሩ ምልክቱ ከሚፈቀደው በ4 ኢንች ይረዝማል አለ። ከዚያ ነገሩ ወደ ቅጣት፣ ከቅጣት ወደ ክስ ሄደ። ፍርድ ቤቱ በመጨረሻ ማኅበሩ የመቅጣት ሥልጣን በዲክላሬሽኑ አልተሰጠውም አለ። ማኅበሩ ለክሱ ያወጣው ገንዘብ በመቶ ሺዎች ዶላር የሚቆጠር ሆነና ኪሳራ ውስጥ ገባ። ለ4 ኢንች! ያን ወጪ የተሸከሙት ደግሞ ጎረቤቶቹ ናቸው። የፌርፋክስ የኤችኦኤ ጠበቆች ይህን ታሪክ ያውቁታል። ስለዚህ «የመቅጣት ሥልጣን የሰጣችሁን አንቀጽ ጠቅሳችሁ ላኩልኝ» የሚል ደብዳቤ ሲደርሳቸው በቁም ነገር ያዩታል።

ከዚያ ሥርዓቱን

ሥልጣን አላቸው እንበል። ያኔም ቢሆን ሕጉ ቅደም ተከተል አስቀምጦላቸዋል። መጀመሪያ ስለ ጥፋቱ በጽሑፍ ያሳውቁዎታል፤ ለማስተካከልም በቂ ጊዜ ይሰጡዎታል። ካላስተካከሉ ሂሪንግ ይጠሩዎታል። ሂሪንጉ ላይ ቀርበው መናገር ይችላሉ፤ ጠበቃ ይዞ መቅረብም መብትዎ ነው። የሂሪንጉ ጥሪ ቢያንስ 14 ቀን ሲቀረው በእጅ ወይም በሰርቲፋይድ ወይም ሬጂስተርድ ሜይል፣ የደረሰኝ ፊርማ ተጠይቆበት መላክ አለበት። ጥሪው ምን ዓይነት እርምጃ ሊወሰድብዎት እንደሚችል ጭምር መናገር አለበት። ሂሪንጉ ከተደረገ በኋላም ውሳኔው በ7 ቀን ውስጥ በዚያው መንገድ ይላክልዎታል።

እርስዎ «ሁሉም የመጣው በተራ ፖስታ ነው» ብለዋል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ደብዳቤ፣ ማለትም «መኪናውን አንሳ» የሚለው፣ በተራ ፖስታ ቢመጣ ችግር የለበትም። ሕጉ ሰርቲፋይድ የሚጠይቀው ለሂሪንጉ ጥሪና ለውሳኔው ነው። ስለዚህ «ሰርቲፋይድ አላካችሁም» ብለው በደፈናው ከጻፉ ጠበቃቸው በአንድ መስመር ይመልስልዎታል። «የሂሪንግ ጥሪ በሰርቲፋይድ አልደረሰኝም፣ ሂሪንግም አልተደረገልኝም» ካሉ ግን መልሱ እንዲህ ቀላል አይሆንም።

ሌላም ነገር አለ። ሁለት ወር አልነበሩም። ሰርቲፋይድ ደብዳቤ የሚፈርም ሰው ሲጠፋ ፖስተኛው ማስታወቂያ ወረቀት ትቶ ይሄዳል፤ ደብዳቤው ፖስታ ቤት ለ15 ቀን ይቆይና ወደ ላኪው ይመለሳል። ያችን ትንሽ ወረቀት ልጆች እንደ ማስታወቂያ ቆጥረው ጥለዋት ሊሆን ይችላል። «በፍጹም አልተላከልኝም» ብለው ከመማልዎ በፊት የተከመረውን ፖስታ አንድ በአንድ ያገላብጡት። ቤት የነበሩትንም ይጠይቁ። ሕጉ የሚለው ማኅበሩ በመዝገቡ ባለው አድራሻዎ እንዲልክ ነው፤ እርስዎ አገር ቤት መሆንዎ የእነሱ ጥፋት አይሆንም። ይህ ጨካኝ ይመስላል፤ ግን እንደዚያ ነው። በኢንተርኔት የሚከፍሉበት ፖርታል ላይ «ማስታወቂያ በኢሜይል ይላክልኝ» ብለው ተስማምተው እንደሆነም ይዩ። ተስማምተው ከሆነ ስለ ፖስታው ያለው ክርክር ይቀዘቅዛል። የሂሪንጉ ግን አይቀዘቅዝም፤ ቀን ተቆርጦ ሂሪንግ ካልተያዘልዎት፣ በምንም መንገድ ቢልኩት ቅጣቱ እግር የለውም።

ስሌቱስ?

በጣም የገረመኝ ቁጥሩ ነው። የቨርጂኒያ ሕግ ለአንድ ጊዜ ጥፋት ከ50 ዶላር በላይ፣ ለሚቀጥል ጥፋት ደግሞ በቀን ከ10 ዶላር በላይ መቅጣት አይፈቅድም። የቀን ቅጣቱም ከ90 ቀን አያልፍም። ስለዚህ ለአንድ የሚቀጥል ጥፋት ጣሪያው 900 ዶላር ነው። ማኅበሩ ሁሉን ነገር በሥርዓት አድርጎ ቢሆን እንኳ፣ ጥፋቱም የእርስዎ ቢሆን እንኳ፣ ከ900 አያልፍም። 20 ዶላርን ከየት አመጡት? ምናልባት «ሁለት ጥፋት ነው» ሊሉ ይፈልጉ ይሆናል፤ አንዱ መኪናው፣ ሌላው ጣሪያው ላይ ያለው የታክሲ መብራት ወይም ጽሑፉ። እንደዚያ ካሉ ለሁለቱም ለየብቻ ማስታወቂያና ሂሪንግ ሰጥተው መሆን አለበት። ምናልባት ደግሞ የማኔጅመንት ካምፓኒው የሌላ ክፍለ ሀገር ፎርም ተጠቅሞ ይሆናል፤ በብዙ ስቴት የሚሠሩ ካምፓኒዎች ላይ ይህ ይታያል። ለእርስዎ ምክንያቱ ለውጥ የለውም። የጠበቃው ደብዳቤ በሕግ ከሚፈቀደው እጥፍ ይጠይቃል፤ ይህ ብቻውን ሌላውንም ሥራቸውን ለጥያቄ ያቀርባል።

450 ዶላሩን በተመለከተ፣ ጠበቃው የጻፈው ደብዳቤ ስለተላከ ብቻ የእርስዎ ዕዳ አይሆንም። ክስ ሲኖር የረታው ወገን ተገቢ የሆነ የጠበቃ ወጪ ከተረታው ያስከፍላል፤ ሕጉ እንደዚያ ነው። ቅጣቱ ራሱ ሥርዓት ያልተከተለ ከሆነ ግን በላዩ ላይ የተለጠፈው ወጪም አብሮ ይወድቃል ብለው መከራከር ይችላሉ። ይህ የሚረታ ያስከፍላል የሚለው ነገር ለሁለቱም ወገን የተሳለ ቢላ ነው። በኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን የእርስዎን ደካማ ጎን ልናገር

ታክሲው እዚያ ቆሞ ነበር፣ ደንቡ ኮሜርሻል መኪና ይከለክላል። በዚህ በኩል እርስዎ ብዙም አይመቹም። መጀመሪያ ግን ዲክላሬሽኑ «ኮሜርሻል» የሚለውን እንዴት እንደሚፈታው ያንብቡ። አንዳንዱ ሰነድ በክብደት ይለካል፣ አንዳንዱ ጽሑፍ ወይም የሥራ ዕቃ ያለበት መኪና ይላል፣ አንዳንዱ ደግሞ ታክሲን በስም ይጠራል። ምንም ትርጉም ያልሰጠም አለ። ኡበርና ሊፍት የሚሠሩ አንባቢዎች በዚህ በኩል ከታክሲ ይሻላሉ፤ የግል ታርጋ ያለው፣ መስታወቱ ላይ ትንሽ ስቲከር ብቻ የለጠፈ መኪና ኮሜርሻል ነው ማለት ይከብዳል።

ለዚህ ነው ታክሲውን ያንሱት ያልኩት። ማንሳት ጥፋትን ማመን አይደለም። የቀኑን ቆጠራ ያቆማል፤ ቦርዱም «ተስተካክሏል» ብሎ ነገሩን ለመዝጋት ምክንያት ያገኛል። የት ላቁመው ይሉ ይሆናል። በሰፈርዎ አቅራቢያ ያለው መንገድ የማን ነው? የታውንሃውስ ሰፈሮች ውስጥ ያሉ ብዙ መንገዶች የማኅበሩ ናቸው። ስቴቱ የሚጠግነው የሕዝብ መንገድ ላይ ግን ፓርኪንግ የካውንቲው ጉዳይ ነው። ፌርፋክስ ካውንቲ መኖሪያ ሰፈር መንገድ ላይ ኮሜርሻል መኪና ማቆም ይከለክላል፤ ነገር ግን ለነዋሪው በአንድ ቤት አንድ ታክሲ ወይም ሊሞዚን፣ ሌላ መኪና ማቆም በተፈቀደበት መንገድ ላይ፣ ይፈቅዳል። ይህን የሚያውቅ ታክሲ ነጂ ብዙ አላጋጠመኝም። ሁለት ብሎክ በእግር መሄድ ቢያስፈልግም ያዋጣል።

የጎረቤትዎ ቫንስ? «ሌላውም ያደርጋል» ብቻውን ደካማ መልስ ነው። ጠንካራ የሚሆነው ማስረጃ ሲኖረው ነው። ቫኑ የቆመበትን ቀንና ሰዓት የሚያሳይ ፎቶ ያንሱ። ጎረቤትዎን ጠላት ሳያደርጉ፣ ከመንገድ ላይ ሆነው፣ በተለያየ ቀን። ማኅበሩ ያንን ደንብ በእነማን ላይ እንዳስከበረ የሚያሳይ መዝገብም ይጠይቁ፤ የሌሎች ባለቤቶች ፋይል ምስጢር ስለሆነ ስም ያለበትን አይሰጡዎትም፤ የወጡ ማስታወቂያዎችን ብዛት ሊነግሩዎት ግን ይችላሉ። የታክሲ ባለቤቶቹ ሁሉ ሐበሻ ሆነው እየተቀጡ፣ የሌላው ሰው ቫን ዝም ከተባለ ጉዳዩ ሌላ መልክ ይይዛል። በ1968 የወጣው የፌዴራል የፌር ሃውሲንግ ሕግ በትውልድ አገር ምክንያት የሚደረግ አድልዎን ይከለክላል። ለፌዴራሉ የቤቶች መሥሪያ ቤት፣ ለሀድ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ አቤቱታ ማቅረብ ይቻላል፤ ፍርድ ቤት ደግሞ በሁለት ዓመት ውስጥ። ግን ይህን በመጀመሪያው ደብዳቤ ላይ አይወርውሩት። ማስረጃ ሳይኖር «ዘረኞች ናችሁ» ማለት ያንን 20 ዶላር እንዲረሱትና ለመከላከያ እንዲዘጋጁ ያደርጋቸዋል።

ደብዳቤው

ስልክ አይደውሉ። የእኛ ሰው ስልክ ይወዳል፤ ማኔጀሯን አግኝቶ በደንብ ካስረዳት ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። በሚቀጥለው ወር ማኔጀሯ ሌላ ሰፈር ተዛውራ፣ የተባለውን የሚያስታውስ ይጠፋል። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባል የለ። ደብዳቤ ይጻፉ፤ በሰርቲፋይድ ሜይል ይላኩት፤ ለጠበቃው ቢሮና ለቦርዱ በማኔጅመንት ካምፓኒው በኩል። ኮፒውን በኢሜይልም ይላኩ።

በእንግሊዝኛ ይጻፉት፤ አንድ ገጽ ይበቃዋል። ይዘቱ እንዲህ ይሁን፦ ቅጣቱን ሙሉ በሙሉ እቃወማለሁ። በአንቀጽ 55.1-1819 መሠረት የመቅጣት ሥልጣን የሰጣችሁን የዲክላሬሽን ወይም የደንብ አንቀጽ ላኩልኝ። የሂሪንግ ጥሪ የተላከበትን ቀንና የሰርቲፋይድ ሜይል ደረሰኝ ላኩልኝ። ሂሪንጉ መቼ ተደረገ፣ ማን ተገኘ፣ ውሳኔው መቼ ተላከ? ጥፋት የተባለውን የሚያሳዩ ቀን ያለባቸውን ፎቶዎች ላኩልኝ። በቀን 20 ዶላር በየትኛው ሕግ እንደተሰላ አስረዱኝ። ተሽከርካሪው ከዚህ ቀን ጀምሮ ተነስቷል። ቅጣቱ እንዲሰረዝ እጠይቃለሁ፤ ካልሆነም በሕጉ መሠረት ሂሪንግ እንዲያዝልኝ። ጉዳዩ እስኪፈታ ሊን እንዳታስመዘግቡ።

ስለ አባትዎ ለቅሶ አንድ መስመር መጻፍ አይከፋም። ቦርዱ ላይ የተቀመጡት በነጻ የሚሠሩ ጎረቤቶችዎ ናቸው፤ ሰው ናቸው። ግን አንድ መስመር ብቻ። ስድብና ዛቻ አያስገቡ፤ ይህ ወረቀት አንድ ቀን ዳኛ ፊት ሊነበብ ይችላል።

ከደብዳቤው ጋር መዝገብ የማየት ጥያቄም ይላኩ። የማኅበሩን መዝገቦች ማየትና ኮፒ ማድረግ የአባልነት መብትዎ ነው፤ በማኔጅመንት ካምፓኒ የሚተዳደር ማኅበር ከሆነ በ5 የሥራ ቀን፣ ራሱን የሚያስተዳድር ከሆነ በ10 የሥራ ቀን ማስታወቂያ። ምን ሰነድ እንደሚፈልጉና ለምን እንደሚፈልጉ በስም ይጥቀሱ። የቦርዱን ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ይጠይቁ። ሂሪንግ ተደርጓል ብለው ቃለ ጉባኤው ውስጥ ምንም ዱካው ከሌለ ነገሩ ግልጽ ይሆናል። እዚህ ላይ ልብ ይበሉ፤ ይህ መብት የሚሰጠው ክፍያውን በአግባቡ ለሚፈጽም አባል ነው። ወርሃዊውን አያቋርጡ ያልኩበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሌላው ምክንያት ይበልጥ ከባድ ነው። ወርሃዊ ክፍያ ያልተከፈለ ዕዳ ሲሆን ማኅበሩ ምንም ሂሪንግ አያስፈልገውም፤ ቅጣት ላይ የሚሞግቱበት ሁሉ እዚያ አይሠራም። ዛሬ ጥሩ ጉዳይ ይዘዋል። ወርሃዊውን ካቆሙ ለእነሱ ጥሩ ጉዳይ ይሰጧቸዋል። ሲከፍሉ ቼኩ ላይ የየትኛው ወር ክፍያ እንደሆነ ይጻፉ፤ በፖርታል ከሆነ ደረሰኙን ያስቀምጡ። ገንዘቡን ወደ ቅጣቱ አዙረው «ወርሃዊው አልተከፈለም» እንዳይሉ ነው።

ሂሪንግ ቢጠሩዎትስ

ይሂዱ። ቀርተው በሌሉበት እንዲወስኑ አይፍቀዱ። እንግሊዝኛው ካስቸገረዎት አስተርጓሚ ይዘው እንደሚመጡ አስቀድመው በጽሑፍ ያሳውቁ፤ ልጅዎን ግን አስተርጓሚ አያድርጉ፣ ለልጁም ለእርስዎም ጥሩ አይደለም። ንግግርዎ አምስት ደቂቃ ይሁን። ታክሲው ተነስቷል፣ ቅጣቱ ከጣሪያው በላይ ነው፣ ሥርዓቱ አልተጠበቀም፣ ይሰረዝልኝ። ሰነድ ካለ ለእያንዳንዱ የቦርድ አባል ኮፒ ይስጡ። ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚያልቀው እዚህ ነው፤ ቅጣቱ ይሰረዛል፣ ወይም «በስድስት ወር ውስጥ ካልደገምክ» በሚል ይታገዳል። ሁለተኛው ቢሰጥዎት ይቀበሉት ባይ ነኝ፤ በጽሑፍ ያስይዙት እንጂ።

አሻፈረኝ ካሉ

ቨርጂኒያ የኮመን ኢንተረስት ኮሚዩኒቲ ኦምበድስማን የሚባል፣ በእንዲህ ያሉ ማኅበራት ላይ የሚቀርብ አቤቱታ የሚያይ ቢሮ አላት፤ ሪችመንድ በሚገኘው የሙያና ሥራ ፈቃድ መሥሪያ ቤት ሥር ነው። እያንዳንዱ ማኅበር የራሱ የጽሑፍ አቤቱታ ማስተናገጃ ሥርዓት እንዲኖረው ግዴታ አለበት። መጀመሪያ በማኅበሩ ፎርም አቤት ይላሉ። ማኅበሩ የመጨረሻ መልስ ሲሰጥዎትና መልሱ ሳይጥምዎት ሲቀር፣ በ30 ቀን ውስጥ 25 ዶላር ከፍለው ወደ ኦምበድስማኑ ይወስዱታል። አቅም ለሌለው ክፍያው ሊነሳለት ይችላል።

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ኦምበድስማኑ የሚያየው ማኅበሩ የስቴቱን ሕግ መጣሱን እንጂ የራሱን ዲክላሬሽን ወይም ደንብ መጣሱን አይደለም። «ደንባችን ኢፍትሐዊ ነው» ብለው ከጻፉ መዝገቡ ይዘጋል። «ያለ ሂሪንግ ቀጥተውኛል፣ ከሕጉ ጣሪያ በላይ አስልተዋል፣ ሁለቱም አንቀጽ 55.1-1819ን ይጥሳሉ» ብለው ከጻፉ ይታያል። ኦምበድስማኑ ገንዘብ አያስመልስም፣ ቅጣትም በራሱ ሥልጣን አይሰርዝም። ውሳኔው ግን ለሕዝብ ይወጣል፤ የማኅበሩ ጠበቃም ከዚያ በኋላ ፍርድ ቤት ሄዶ ያንኑ ቅጣት ለማስከበር አይቸኩልም።

ፍርድ ቤት የመጨረሻው ነው። ማኅበሩም እርስዎም ጉዳዩን ወደ ጄኔራል ዲስትሪክት ኮርት መውሰድ ትችላላችሁ። አንዱ ወገን ክስ ካቀረበበት ቀን ጀምሮ የቀን ቅጣት መቆጠሩን ያቆማል፤ ማኅበሩ ከረታ ግን የክሱን ጊዜ ጭምር ሊያስከፍል ይችላል። ቅድም የጠቀስኩት ቢላም እዚህ አለ። ከረቱ የጠበቃዎን ወጪ እነሱ ይከፍላሉ። ከተረቱ የእነሱን እርስዎ ይከፍላሉ፤ ያ ወጪ ደግሞ ከቅጣቱ ብዙ እጥፍ ሊሆን ይችላል። በ1,800 ዶላር ነገር ፍርድ ቤት ቀድመው እንዲሄዱ አልመክርም። ከተከሰሱ ግን መጥሪያውን ችላ ብለው እንዳይቀሩ፤ ባልቀረቡበት የተፈረደን ማስነሳት ከባድ ነው።

ቤቴን ይወስዱብኛል ወይ?

ይህ ፍርሃት ለጠበቃ ደብዳቤ የሚሰጠው ጉልበት ትልቅ ነው። እውነቱ እንዲህ ነው፦ በሥርዓት የተጣለ ቅጣት በቨርጂኒያ ሕግ እንደ ማኅበሩ ክፍያ ይቆጠራል፤ ስለዚህ ቤቱ ላይ ሊን ሊመዘገብበት ይችላል። ከመመዝገባቸው በፊት ቢያንስ 10 ቀን ቀደም ብለው በሰርቲፋይድ ሜይል ማስጠንቀቅ አለባቸው፤ ክፍያው ከደረሰበት ጊዜ ጀምሮ በ12 ወር ውስጥ ካላስመዘገቡም ጊዜው ያልፍባቸዋል። ከሊን ወደ ሐራጅ መንገድ አለ። ለእንዲህ ያለ ገንዘብ ያን ያህል ይኬዳል ብዬ አላምንም። የሊን ትክክለኛው ጉዳት ሌላ ነው፦ ቤቱን ሊሸጡ ወይም ሪፋይናንስ ሊያደርጉ ሲሉ ታይትል ካምፓኒው ያገኘዋል፤ ያኔ በጥድፊያ፣ ከነወለዱ ይከፍላሉ። ስለዚህ ሊን ከተመዘገበ «የት ይደርሳሉ» ብሎ መተው አያዋጣም።

ሜሪላንድ ለሚኖሩ፦ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ ከሆናችሁ ካውንቲው ራሱ የኤችኦኤና የኮንዶ ክርክር የሚዳኝ ኮሚሽን አለው፤ ከቨርጂኒያው ኦምበድስማን የበለጠ ጥርስ ያለው ነው፣ ውሳኔው ያስገድዳል። ቴክሳስ ውስጥ ዕዳው ቅጣትና በቅጣቱ ምክንያት የመጣ የጠበቃ ወጪ ብቻ ከሆነ ማኅበሩ ቤት በሐራጅ መሸጥ አይችልም። ኮሎራዶ በ2022 ሕጓን አጥብቃለች፤ ባለቤቱ የሚመርጠውን ቋንቋ ለማኅበሩ ካሳወቀ ማስታወቂያው ከእንግሊዝኛ ጋር በዚያም ቋንቋ መላክ አለበት። ዴንቨርና ኦሮራ ያላችሁ፣ «አማርኛ» ብላችሁ በጽሑፍ አስመዝግቡ፤ ምንም አያስከፍልም። ካሊፎርኒያም በ2025 ለአብዛኛው ጥፋት ቅጣቱን በ100 ዶላር ገድባለች።

ወደ እርስዎ ልመለስ። ደንቡ ራሱ ካስቸገረዎት፣ ሰፈሩ ውስጥ ታክሲ የሚነዳ እርስዎ ብቻ አይደሉም ብዬ እገምታለሁ። ክልከላው ያለው ቦርዱ ባወጣው ደንብ ውስጥ ከሆነ፣ ለዚሁ በተጠራ ስብሰባ ላይ ከተሰጠው ድምፅ አብላጫው ሊሽረው ወይም ሊያሻሽለው ይችላል። ዲክላሬሽኑ ውስጥ ከሆነ ከባድ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይጠይቃል። የማኅበር ስብሰባ ላይ የሚመጣው ሰው ጥቂት ነው። አሥር አሥራ አምስት ቤት ተነጋግሮ ቢገኝ፣ መምጣት ያልቻለውም ውክልና ቢሰጥ፣ ድምፁ ከምታስቡት በላይ ይመዝናል። ዕድር የሚያደራጅ ሕዝብ ይህ አያቅተውም።

ዛሬ ግን የሚቸኩለው ሌላ ነው። የጠበቃውን ደብዳቤ ያውጡና ቀኑን ይዩ። ከግርጌው «ዕዳ ለመሰብሰብ የሚደረግ ጥረት ነው» የሚል ጽሑፍ ካለ፣ ጠበቃው ራሱን ዕዳ ሰብሳቢ ብሎ እየጠራ ነው፤ በፌዴራል ሕግ ከደረሰዎት ጀምሮ በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ከተቃወሙ ማረጋገጫ እስኪልክልዎት ድረስ መሰብሰቡን ማቆም አለበት። ደብዳቤው እርስዎ አገር ቤት ሳሉ የመጣ ከሆነ ፖስታውንም አይጣሉት፤ ማኅተሙ ላይ ያለው ቀን ያስፈልግዎታል። 30 ቀኑ አልፎ ቢሆንም ይጻፉ። የሊኑ ማስጠንቀቂያ 10 ቀን ብቻ ስለሆነ፣ ደብዳቤዎ ከዚህ ሳምንት መጨረሻ በፊት ፖስታ ቤት ይግባ።